እንድርያስ ራሱን የገመገመ ዕለት

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ እንደ ቡና ባለሙያው እንድርያስ ግለ ሂስ የሚያምርበት ሰው አልነበረም። ግምገማ በመጣ ቁጥር ተነሥቶ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «አልፎ አልፎ የማርፈድ ችግር አለብኝ» ብሎ ይቀመጣል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያቺኑ! «አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ጥፋት የለህም ወይ?» ያለው አልነበረም፤ የሁሉም ግለ ሂስ ያው ነበርና።

በ2003 ዓ.ም. ግን ነገር ከረረ። ሸኮ አካባቢ ያሠራቸውን ሃያ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች የሚጠቀምባቸው ጠፋ። ገበሬው ቡናውን መሬት ላይ ያሰጣል፤ አልጋው ላይ ልብስ ይሰጣበታል፣ ዶሮ ታድርበታለች። ኃላፊው፣ «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አልጋ ላይ ቡና ካላየሁ፣ የቡድን መሪነቱን ለሌላ እሰጣለሁ» አለው። እንድርያስ ደነገጠ። ሹመቷን ይወዳታል፤ ከሷ በቀር የሚኮራበት ነገር አልነበረውም።

መጀመሪያ ገበሬውን ረገመ። ከዚያ ስለ መኪናው የተጣላውን ሾፌሩን፣ ከዚያ ስለ ቤት ወጪ የተጣላችውን ሚስቱን አሰጋሽን፤ ማን ይሰማዋል! ቢሮው ተቀምጦ በአሮጌ ሪፖርት ጀርባ ላይ ሦስት ክብ ሣለ፤ ለእያንዳንዱ ጠብ አንድ። በየክቡ ከማን ጋር፣ በምን፣ እንዴት እንደተጣላ ጻፈ። ስማቸውን ሰረዘ። ቡናውን፣ መኪናውን፣ የቤቱን ወጪ ሰረዘ። ሳይሰረዝ የቀረውን ቢያይ፣ በሦስቱም ውስጥ አንድ ሰውዬ ቆሞ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ «ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ይቆጣል።

«ወይ ጉድ! እኔ ነኝ እንዴ?» አለ። ብቻውን ተቀምጦ አፈረ።

በማግስቱ ሸኮ ሄደ። የሰፈሩ አንጋፋ ቡና አምራች ጋሼ ባየ ደጃፋቸው ላይ መሬት ያሰጡትን ቡና ያገላብጣሉ።

«ጋሼ፣ አልጋውን ለምን ተዋችሁት?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ የግንዛቤ እጥረት! ከንፈሩን ነከሰ። ሽማግሌው ቡናቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ። እሱ መልሳቸውን ጠበቀ። እንደዚያ የከበደ ሥራ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም፤ አላበው።

«መንገድ ዳር ተከልከዋ!» አሉ በመጨረሻ። «መኪና ባለፈ ቁጥር ቡናው አቧራ ይለብሳል። ጓሮ ቢገባ ዛሬውኑ እናሰጣበታለን።»

መንገድ ዳር ያስተከለው ራሱ ነው፤ እንግዶች ከመኪና ሳይወርዱ እንዲያዩለት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሦስት ጊዜ ጀምሬልህ ነበር። ‹ጥሩ ጥያቄ ነው› ትልና አንተው ትጨርሰዋለህ።»

እንድርያስን ሳቅ አመለጠው፤ ፊቱ ግን በሐፍረት ጋለ። ከሰዓት ላይ አራት ጎረምሶች የመጀመሪያውን አልጋ ተሸክመው ጓሮ አስገቡ፤ የጋሼ ባየ ቡናም ወጣበት። ሹመቷ ተረፈች። በቃ፣ ተሰናብቶ መሄድ ይችል ነበር።

«ሌላስ የሚሉኝ አለ፣ ጋሼ?» አለ እንደ ፈራ።

ሽማግሌው እጃቸውን አራገፉና በርጩማ ሳቡለት።

«አለ እንጂ! ተቀመጥ፤ ጎረቤቶቹንም ልጥራልህ።»