አንድ ሰዓት ጨምሩ

«እሱ ሰውዬ ባሕሩን እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ነበር የሚያውቀው» አለች ለለቅሶው ልትረዳ የመጣችው ኑዋላ፣ ሥጋ የምትቆርጥበትን ቢላ ሳታቆም። «እንዲህ ያለውን ሰው ባሕር አይወስደውም። ራሱ ይገባል እንጂ።»

«ኧረ ቀስ በይ! ልጅቷ ትሰማለች» አለች አጠገቧ ዳቦ የምትቀባው ሴት።

ልጅቷ ሰምታለች። ዲምፕና ባዶ ስኒ የሞላበት ትሪ ይዛ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ ነበር። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እዚህ መንደር ግን አባት የሞተባት ሁሉ «ልጅቷ» ናት። ስትገባ ሁለቱ ሴቶች ድንገት ስለ ቅቤው ጨው መብዛት ማውራት ጀመሩ።

ማክሰኞ ነበር፣ የለቅሶው የመጀመሪያ ቀን። አስከሬኑ ጠዋት ከሆስፒታል መጥቶ ሳሎን ውስጥ፣ በመጻሕፍት መደርደሪያዎቹ መካከል፣ ሳጥኑ እንደተከፈተ ተቀምጧል። ኑዋላ መስተዋቱን በአንሶላ ሸፍና የግድግዳውን ሰዓት አቁማለች። ልማዱ ሟቹ በሞተበት ደቂቃ ላይ ማቆም ነው። መምህር ማላኪ ኮይን በስንት ሰዓት እንደሞተ ግን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እጇ በደረሰበት ላይ አቆመችው።

የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው። እሑድ ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው ሲጋለጥ መምህሩ እንደ ወትሮው በእግሩ ወደ ደሴቷ ተሻገረ። ጭጋግ ወረደ። ሰኞ ጠዋት አሸዋው ላይ ተገኘ፤ ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ተቀምጦ።

«መነጽሩን እኮ አውልቆ ነው ኪሱ የከተተው!» ይባባላሉ በየጥጉ። «ተሰናድቶበት ነው።»

ለቀስተኞቹ በተራ ይገባሉ። እጇን ይጨብጣሉ፣ «ያጥናሽ» ይላሉ፣ ሬሳው ፊት ቆመው ያማትባሉ፣ ከዚያ ወደ ሻዩና ወደ ውስኪው ያልፋሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ፊደል ያስቆጠራቸው እሱ ነው። አንዳንዱ ስድሳ ዓመት ሞልቶትም ሳጥኑ አጠገብ ሲደርስ ጥፍሩን ይደብቃል።

ዲምፕና ፊቱን ማየት አልቻለችም። መደርደሪያዎቹን ታያለች።

ጡረታ የወጣ አስተማሪ ቀኑ አይመሽለትም ይላሉ። የሚሉት የእሱን ቀን ስላላዩ ነው። «አርባ ዓመት ስለ ላምና ስለ ዝናብ የተጻፈ ድርሰት አንብቤያለሁ፤ አሁን የማነበውን እኔ እመርጣለሁ» ብሎ ነበር የወጣው። የቤተ መጻሕፍቱ መኪና በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲቆም ቀድሞ የሚሰለፈው እሱ ነው። ስድስት መጽሐፍ ይወስዳል፤ የአታሚውን ስህተት በእርሳስ አርሞ ይመልሳል። ቁርስ ላይ የሚነበብ ካጣ የማርማላታውን ጠርሙስ ያነባል። መንግሥት ለአዛውንት በነጻ የሚሰጠው የመጓጓዣ ካርድ የደረሰው ዕለትማ ካርዱን ይዞ ነው የተኛው። በአውቶቡስ ስላይጎ ከተማ ድረስ ሄዶ፣ አንድ የዘቢብ ዳቦ በልቶ ይመለሳል።

«ስላይጎ ምን ጉዳይ አለህ?» ብላው ነበር አንዴ።

«ስላይጎ ምንም የለኝም። ጉዳዬ ያለው መንገዱ ላይ ነው።»

ሊዝበን ደርሶ ሲመጣ እንኳ ያወራው ስለ ትራሙ ፍሬን ነበር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ።

ከሁሉ የሚወደው ጉዞ ግን አጭሩ ነው። ደሴቷን የመጨረሻው ቤተሰብ ከለቀቃት ሃያ ዓመት ሆኗል፤ የቀራት ጣሪያ አልባ ግድግዳና የመንደሩ መካነ መቃብር ነው። መምህሩ የትምህርት ቤቱን አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ አሸዋው መግቢያ ላይ፣ ከአንዲት የቆርቆሮ ክዳን ሥር አቁሞ፣ በየቀኑ የሽሽቱን ሰዓት፣ ባሕሩ ከሁሉ ዝቅ የሚልበትን፣ በጠመኔ ይጽፍበታል፤ ማንም ባያነበውም። ከዚያ በፔርሙዝ ሻይ፣ በኪሱ የተቀቀለ እንቁላል፣ በብብቱ መጽሐፍ ይዞ ይሻገራል። ከሽሽቱ በኋላ ለሁለት ሰዓት መንገድ አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የለም።

«አንድ ቀን ንባብ ይዞህ ይቀራል» ስትለው፣ «ባሕር ያረፈደ ተማሪ አይምርም፤ እኔም አልምርም ነበር» ብሎ ይስቃል።

ባለፈው ገና ግን አልሳቀም። ዓይንህ ደክሟል፣ ቤቱን ሽጠህ ጎልዌይ ከተማ እኔ ዘንድ ግባ አለችው። «እዚያ ባሕሩ የሚታየው በመስኮት ነው» አላት። ተኳረፉ። በማግስቱ ለእርቅ እንዲሆናት ያዘጋጀችውን ስጦታ ሰጠችው፤ በትልልቅ ፊደል የታተመ፣ ባሕሩ በየቀኑ የሚሸሽበትን ሰዓት የያዘ የዓመቱን ደብተር። ወደቡ የሚያሳትመው ደብተር ፊደሉ እንደ ቅማል ደቃቃ ነው እያለ ሲያማርር ትሰማው ነበር። ተቀብሎ ግንባሯን ሳማት። እሑድ ማታ ደውላ ሳያነሳ ሲቀር፣ አኩርፎ ነው ብላ ሲኒማ ገባች።

እና አሁን ሴቶቹ «ራሱ ገባ» ይላሉ። ቤትህን ሽጥ ስላለችው? የሞላ ስኒ ላይ ሻይ ትደግማለች፤ ሰው ሐዘን ይመስለዋል።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ማቲ መጣ። ማቲ ባለ ሱቅ ነው፤ ትምህርት ቤት ከዲምፕና ኋላ ተቀምጦ ሹሩባዋን ሲጎትት ነው ያደገው። ሳጥኑን ተሸክመው አሸዋውን የሚያሻግሩትን የሚመራው እሱ ነው። ከመስኮቱ ላይ ዲምፕና ለአባቷ የሰጠችውን ደብተር አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ገለጠ።

«ሐሙስ . . . ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ሰዓቱ እሑድ ወደ በጋ ስለዞረስ ምን እናደርጋለን?»

«አንድ ሰዓት ጨምሩ!» አለ ክፍሉ በሙሉ፣ በልጅነት ዜማ። ሳቅ ተሰማ፣ አፍ በእጅ ተያዘ። የወደቡ ደብተር ዓመቱን ሙሉ በክረምት ሰዓት ነው የሚታተመው፤ በመጋቢት መጨረሻ አገሩ ሁሉ የበጋ ሰዓት ብሎ ሰዓቱን አንድ ወደፊት ሲገፋ፣ በደብተሩ ላይም አንድ መጨመር ግድ ነው። ይህን ሕግ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ከማባዛት ጋር የተማረው ከመምህሩ ነው።

«አስር ከሃያ» አለ ማቲ። «ስለዚህ አስር ሰዓት ከዚህ እንነሳለን። ቀብረን፣ ጸልየን፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ ከደሴቷ እንመለሳለን። አሮጊትም ሕፃንም ሳይቸኩል ይደርሳል።»

ዲምፕና አየር ልትወስድ ወጣች። እግሯ ወደ አሸዋው መራት። በማቲ ስሌት የዛሬው ሽሽት ዘጠኝ ከአርባ ነው፤ በእጇ ያለውም ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ ይላል። ሰሌዳው ላይ የአባቷ ጽሕፈት ከእሑድ ጀምሮ አለ። *ሽሽት 7፡40።* ሰባቷ እንደ ሁልጊዜው ወገቧ ላይ አግድም መስመር ታጥቃለች።

ልጅ ሳለች እንዳስተማራት አንድ ጠጠር አንስታ ውኃው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ባሕሩ ከሸሸ ወይም ከቆመ ጠጠሩ ደረቅ ይቀራል። መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ላይ ጠጠሩ ረጠበ። ስድሳ ላይ ግማሹ ሰጠመ። መቶ ሳይሞላ ከዓይኗ ጠፋ። ከፊቷ፣ በደሴቷና በእሷ መካከል፣ ግራጫው ውኃ ያለ ድምፅ በየጉድጓዱ እየገባ ነው። የጀመረውም አሁን አይደለም፤ አንድ ሰዓት ሳይሆነው አይቀርም።

ሮጣ ተመለሰች። ደብተሩን ከጠረጴዛው አንስታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። እሑድ፦ ስድስት ከአርባ። አባቷ አንድ ጨምሮበታል። የሽፋኑን ውስጥ ገለጠች። እሷ ራሷ የለጠፈችው ወረቀት አለ፦ *ለአባዬ፣ ዓይንህ እንዳይደክም። ዲምፕና።* በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ አንድ መስመር ወጣ።

*በዚህ ደብተር ያሉት ሰዓቶች ለበጋ ሰዓት ተስተካክለው የታተሙ ናቸው።*

የማርማላታ ጠርሙስ የሚያነብ ሰው። በዚያ ቤት ሳያነብባት የቀረች አንዲት መስመር ብትኖር ይህች ናት፣ የሸፈናትም የገዛ ልጁ ጽሕፈት ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጠች። ገጹን ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ብትጥለው ማን ያውቃል? ማቲን «ባሕሩን አይቼው መጣሁ፣ ሰዓቱን አሳጥረው» ብትለው ይበቃል። ሰው ይተርፋል፣ እሷም ትተርፋለች። አባቷ ግን ራሱ የገባ ሰው ሆኖ ለዘላለም ይቀራል።

ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ወጣች።

«ማቲ፣ የነገው ሰዓት ስህተት ነው። በስምንት መነሳት አለብን።»

«ስምንት? ጎልዌይ ገብተሽ መደመርም ረሳሽ እንዴ?»

«ባሕሩን አይቼው መጣሁ።»

«አይ እቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ። ይህን ድምር አባትሽ ናቸው በማስመሪያ እጄን እየመቱ ያስገቡልኝ። ዛሬ ሬሳቸው ፊት ልሳሳት?» ሰዎች ፈገግ አሉ። ሊሰማት አልፈለገም።

መንገዱ አንድ ብቻ ቀረ። ደብተሩን ገልጣ ከሻማው አጠገብ ያዘችለት። የተላጠውን ወረቀትም ከጎኑ።

«አንብብ። ጮክ ብለህ።»

ማቲ አነበበ። «ለበጋ ሰዓት» የሚለውን ደግሞ አነበበ፤ እስከ መጨረሻውም ሄደ።

«እኔ ነኝ የሸፈንኩት» አለች ዲምፕና። «እሱ አልገባም። በሰዓቱ እየተመለሰ ነበር፣ በእኔ ሰዓት። መነጽሩንም ያወለቀው ጭጋግ ስለሚያደበዝዝበት ነው፤ ሁልጊዜ ያወልቀዋል። ነገ ደግሞ እናንተ ነበራችሁ።»

አንዲት ሴት ልጇን ከወለሉ አንስታ ታቀፈችው። ኑዋላ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቢላውን እንደያዘች፣ «አልገባም በላ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ዞር አለች። «ይቅር» ያለ የለም፣ «አንቺ ምን ታደርጊ» ያለም የለም። ማቲ ደብተሩን ዘግቶ አስቀመጠና ዓይኗን ሳያይ ወጣ። እሷ ብቻዋን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የአባቷን ፊት አየች።

ሐሙስ በስምንት ሰዓት ተነሱ። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ አሸዋው ገና ውኃ ይተፋል። ሰው ከወትሮው ፈጥኖ ይራመዳል፣ ዘወር እያለ ባሕሩን ያያል። አጠገቧ የሚሄድ አልነበረም፤ በሁለት በኩል የአንድ ሰው ያህል ክፍተት ተትቶላታል።

መሐል ላይ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሊቀይሩ ቆሙ። በዚህ አገር ሳጥን የሚሸከም ጎን ለጎን ሆኖ አንዱ የሌላውን ትከሻ ያቅፋል፤ ያለዚያ ሳጥኑ ይዋልላል። ከማቲ ጎን የነበረው ሊቀየር ወጣ። ሌላ ሰው ከመድረሱ በፊት ዲምፕና ገብታ ከሳጥኑ ሥር ቆመች። ከትከሻዋ እስከ ጣውላው አንድ ስንዝር ባዶ ቀረ፤ አጭር ናት። ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ።

ማቲ ከትናንት ጀምሮ አላነጋገራትም፤ አሁንም አላነጋገራትም፣ ፊቱንም አላዞረም። ክንዱን ግን ከጀርባዋ አሳልፎ የካፖርቷን ትከሻ በጡጫው ሙሉ ጨበጠ። ከዚያ ጣውላው ትከሻዋ ላይ እስኪያርፍ ድረስ፣ ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን አጠፈ።