ስድሳ ሁለት በመቶ

ሀኒፋ ሸምሱ ሪፖርት ስታነብ ከመጨረሻው ነው የምትጀምረው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ፣ የዋና ሥራ አስኪያጁን መልእክት፣ ችግኝ ይዘው የሚስቁትን ሠራተኞች ሁሉ ትዘልና በትንንሽ ፊደል የታተመው ሠንጠረዥ ላይ ታርፋለች። ዐሥራ አንድ ዓመት በውሃና ፍሳሽ መሐንዲስነት ሠርታለች። አሁን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ሦስት ክፍል ተከራይቶ በሚሠራ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ኩባንያዎች የሚያወጡትን የዘላቂነት ሪፖርት ትመረምራለች። ስለ ውሃቸው፣ ስለ ቆሻሻቸው፣ ስለ ሠራተኞቻቸው የጻፉት እውነት ሆኖ ካገኘችው የማረጋገጫ ደብዳቤ ትፈርማለች፤ ካልሆነ አትፈርምም።

ሰኞ ጠዋት አለቃዋ ሕዝቅኤል ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጠላት የደማቅ ሹራብ ፋብሪካን ሪፖርት ነበር።

«ሐጂ አብደላ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው» አላት። «ጀርመን ያለው ገዢያቸው ከዘንድሮ ጀምሮ በገለልተኛ ሰው ያልተረጋገጠ ሪፖርት አልቀበልም ብሏቸዋል። ሁለት ሳምንት አለሽ።»

«ፋብሪካው ውስጥስ ስንት ቀን አለኝ?»

«ሁለት ቀን አይበቃሽም?»

«ካልበቃኝ እነግርሃለሁ።»

ገጽ ዐሥራ አራት ላይ «ከምንጠቀመው ውሃ ስድሳ ሁለት በመቶውን አጣርተን መልሰን እንጠቀማለን» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «በመሆኑም በሚቀጥለው ዓመት ምርታችንን በእጥፍ የምናሳድገው ተጨማሪ ጉድጓድ ሳንቆፍር ነው» ይላል። ሀኒፋ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አልፋ ሁለተኛውን በእርሳስ አሰመረችበት።

ፋብሪካው ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ላፍቶ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በብረታ ብረት መሸጫዎችና በኮንዶሚኒየሞች መሀል ይገኛል። በሩ ላይ የተቀበለቻት ምስጢር ነበረች፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ፣ ገና ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት፣ ሪፖርቱን ከሀ እስከ ፐ ብቻዋን የጻፈች ልጅ። የጉብኝቱን ፕሮግራም በቀለም አትማ ይዛ ነበር። መጀመሪያ የችግኝ ጣቢያው፣ ቀጥሎ የሕፃናት ማቆያው፣ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ገለጻ።

«ሁሉንም አያለሁ» አለች ሀኒፋ። «መጀመሪያ ግን የውሃ ማጣሪያውን አሳዪኝ።»

«እዚያ ጋ እኮ ጭቃ ነው፤ ጫማሽ...»

ሀኒፋ ከቦርሳዋ የጎማ ቦት አውጥታ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ቀየረች።

ማጣሪያው ሦስት የሲሚንቶ ገንዳዎች አሉት። ከሦስተኛው ጫፍ ላይ የተጣራውን ውሃ ወደ ማቅለሚያ ክፍል የሚመልስ ሰማያዊ ፓምፕ ተተክሏል። ፓምፑ ጎን ላይ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚመዘግብ ትንሽ ቆጣሪ አለ። ሀኒፋ አቧራውን በጣቷ ጠረገችው። አራት መቶ ስድስት ሰዓት ይላል።

«መቼ ነው የተገጠመው?»

«ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።»

ሀኒፋ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አካፈለችው። ስድሳ ሁለት በመቶ የሚሆነውን ውሃ ለመመለስ ይህ ፓምፕ በቀን ስምንት ሰዓት መሥራት ነበረበት። የሠራው ግን በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

«ምስጢር፣ ስድሳ ሁለትን ከየት አመጣሽው?»

ልጅቷ ድንግጥ አለች። «ከማሽኑ ካታሎግ ነው። አቅሙ ስድሳ ሁለት በመቶ ነው ይላል። ማቅለሚያ ክፍልን ሦስት ጊዜ በኢሜይል ጠየቅኳቸው፤ የመለሰልኝ የለም። ሪፖርቱ ደግሞ ቀን ተቆርጦለታል።»

ሀኒፋ አልተቆጣችም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት የመጀመሪያዋ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰቱን የሚጽፈው አጭበርባሪ ሳይሆን መልስ ያጣ ሰው ነው። «ፓምፑን የሚያስነሳው ማን ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ጋሽ ወጋየሁ። ቦይለር ቤት ናቸው።»

ጋሽ ወጋየሁ ሃምሳውን ያለፉ፣ ደንደን ያሉ ሰው ናቸው። የቦይለሩ ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ስለ ፓምፑ ስትጠይቃቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«አልደብቅሽም፣ ቆሟል» አሉ። «በገጠምነው በሁለተኛው ወር የተጣራው ውሃ ነጩን ጨርቅ አመድ አስመሰለው። የአንድ ቀን ምርት ሙሉ ተበላሸ። የማቅለሚያ ኃላፊው ‹ሁለተኛ ይሄን ውሃ እንዳላይ› አለኝ። እኔ እንዳይዝግ ብዬ ጠዋት ጠዋት ለትንሽ ደቂቃ አስነሳዋለሁ፤ ሌላ ሥራ የለውም።»

«ሐጂ ያውቃሉ?»

«እሱን የላይኞቹን ጠይቂ። እኔን የጠየቀኝ የለም።»

ልትወጣ ስትል በግድግዳው ጥግ የሚሄድ አረንጓዴ ቧንቧ ዓይኗ ውስጥ ገባ። በተሰጣት የፋብሪካው ንድፍ ላይ የለም። «ይሄስ?» አለች።

ጋሽ ወጋየሁ በሩን ገርበብ አደረጉት። «ይሄ እንኳ ሪፖርት ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨርቅ ተቀልሞ ሲያበቃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱም ገና አልወጣለትም። እሱ ውሃ በየቀኑ ወደ ፍሳሽ ሲሄድ ማየት ጋሽ ወጋየሁን ያንገበግባቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሐጂ አብደላ መካ በሄዱበት ወር፣ መጋዘን ውስጥ የተጣለ ቧንቧና ማጠፊያውን ጎሚቶ ሰብስበው ውሃውን ወደ አንድ አሮጌ ሮቶ አስገቡት። ከዚያ ለጥቁሩና ለሰማያዊው ጨርቅ የመጀመሪያ እጥበት ይሄዳል። ነጩን አይነካም።

«ለምን ፈቃድ አልጠየቁም?»

«ብጠይቅ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ጉድጓዱ ይደርቃል።»

ሀኒፋ ቀና አለች። «ጉድጓዱ ምን ሆነ?»

ጋሽ ወጋየሁ ከመደርደሪያ ላይ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወረዱ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ በገመድ ይለኩታል። ጉድጓዱ ከስምንት ዓመት በፊት ሲቆፈር ውሃው ሰባ አንድ ሜትር ላይ ነበር። ዘንድሮ ዘጠና አራት ላይ ወርዷል። ፓምፑ የተንጠለጠለው መቶ ዐሥር ሜትር ላይ ነው።

«ስሜን አታስገቢው፤ በጌታ» አሉ ደብተሩን እየሰጧት። «ልጆች አሉኝ።»

«አላስገባም» አለች።

ሀኒፋ ለሕዝቅኤል ደውላ ሦስት ቀን ጨመረች። በየማሽኑ የሚገባውን ውሃ ከቆጣሪ እያነበበች፣ ሮቶው የሚሞላበትን ሰዓት እየመዘገበች ዋለች። በሁለተኛው ቀን ምስጢር ከጥበቃ የተዋሰችውን ሰፊ ቦት ተጫምታ መጣች። «እኔም ልያዝልሽ» ብላ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ዐሥር ሺህ ሊትር የሚይዘው ሮቶ በቀን አራት ጊዜ ይሞላል። ሲሰላ ፋብሪካው መልሶ የሚጠቀመው ውሃ ዐሥራ ዘጠኝ በመቶ ሆነ። እሱም ሪፖርቱ ባወደሰው ማጣሪያ ሳይሆን ማንም ባላወቀው አረንጓዴ ቧንቧ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ሀኒፋ፣ ሕዝቅኤልና ምስጢር ሐጂ አብደላ ቢሮ ተሰበሰቡ። ሐጂ በአንድ የሹራብ መኪና ጀምረው አራት መቶ ሠራተኛ የደረሱ ሰው ናቸው፤ ወረቀት ሲያነቡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉታል። የሀኒፋን ሁለት ገጽ አንብበው ጨርሰው መነጽሩን መለሱት።

«ልጄ፣ ስድሳ ሁለቱን ዐሥራ ዘጠኝ አደረግሽው?»

«ስለካው ያገኘሁት እሱን ነው ሐጂ።»

«ይሄ እኮ ለገዢው የሚላክ ነው። የትኛውም ፋብሪካ ሪፖርቱን ያሳምራል።»

«ለገዢው ብቻ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ባላመኑት ነበር» አለች ሀኒፋ። «ምርቱን በእጥፍ ለማሳደግ ዐሥራ ሁለት አዲስ ማቅለሚያ ማሽን ሊያዝዙ ነው። ውሃው ከየት ይመጣል ተብሎ ሲጠየቅ የማስፋፊያ ዕቅዱ የሚያሳየው ገጽ ዐሥራ አራትን ነው። ገጽ ዐሥራ አራት ደግሞ ከካታሎግ የተገለበጠ ነው። ማሽኖቹ ተተክለው ሁለት በጋ ቢያልፍ ጉድጓዱ ይዞ የሚቆይ አይመስለኝም።»

ምስጢር አንገቷን ደፋች።

«ስለ ጉድጓዱ ማን ነገረሽ?»

«ማንም ቢነግረኝ ገመድ አስጥለው ማየት ይችላሉ።»

ሐጂ አብደላ ተነሡ። «የቀጠርኳችሁ እንድታረጋግጡልኝ ነው፤ ፋብሪካዬን እንዴት እንደምመራ እንድታስተምሩኝ አይደለም» ብለው ለሶላት ወጡ።

በመኪና ሲመለሱ፣ ብስራተ ገብርኤል ሊደርሱ ሲሉ ሕዝቅኤል «ሌላ አማካሪ ጋ ይሄዳሉ» አለ።

«ሊሄዱ ይችላሉ።»

«ለእኔ ቀላል አይደለም ሀኒፋ።»

«ለእኔም አይደለም» አለች። እውነቷን ነበር። ቤቷ ገብታ ንግግሯን ደጋግማ አሰበችው። ቁጥሩ ትክክል መሆኑን አልተጠራጠረችም፤ ግን በገዛ ሠራተኛቸው ፊት እንደዚያ ማለት ነበረብኝ ወይ፣ ብቻቸውን አግኝቼ በለዘበ ቃል ብነግራቸው ይሰሙኝ ነበር ወይ እያለች ራሷን ወቀሰች።

አራት ቀን ምንም አልተሰማም። በአምስተኛው ቀን ምስጢር ደወለች።

«ሐጂ ዛሬ ጠዋት ጋሽ ወጋየሁን ይዘው ጉድጓዱ ጋ ሄዱ» አለች ትንፋሽ እያጠራት። «ገመዱን ራሳቸው ናቸው የጣሉት። ዘጠና አራት ሜትር ተኩል ላይ ነው እርጥብ ሆኖ የመጣው። ከዚያ ሲመለሱ አረንጓዴውን ቧንቧ አዩት።»

ሀኒፋ ከወንበሯ ተነሣች። «ምን አሉ?»

«‹ማን ፈቀደልህ?› አሏቸው። ጋሽ ወጋየሁ ‹ማንም› አሉ። ሐጂ ቧንቧውን እስከ ሮቶው ተከትለው ሄዱ። እኔ አሁን ያባርሯቸዋል ብዬ ነበር። ‹ሁለተኛ ሮቶ ለምን አልጨመርክም?› አሏቸው።»

«ጋሽ ወጋየሁስ?»

«‹ቧንቧ አለቀብኝ› አሉ።»

ሀኒፋ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያለው በሳምንታት የሚቆጠር ሥራ ነው። የዐሥራ ሁለቱ ማሽን ትዕዛዝ አራት ሆነ፤ እነሱም ውሃ በቁጠባ የሚጠቀሙ ዓይነት ናቸው። የማጣሪያው ውሃ ነጩን ጨርቅ ለምን እንደሚያጠቁር የሚያጠና ባለሙያ ተቀጠረ። ምስጢር ገጽ ዐሥራ አራትን እንደገና ጻፈችው። ዐሥራ ዘጠኝ በመቶ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ያለፈው ቁጥር ለምን ስሕተት እንደነበረም አስገባች። ጋሽ ወጋየሁ ስማቸው እንዲገባ በመጨረሻ ፈቀዱ፤ ፎቶ ግን እምቢ አሉ።

የጀርመኑ ገዢ ባለሙያዎች በቪዲዮ አንድ ሰዓት ሙሉ አፋጠጧቸው። ቃል ገብተውት የነበረውን ተጨማሪ ትዕዛዝ ለጊዜው አገዱት። የነበረውን ግን ለአንድ ዓመት አጸኑ፤ በየሦስት ወሩ ልኬት እንዲላክላቸው ነው የጠየቁት። ሐጂ አብደላ በዚህ አልተደሰቱም። «እውነት ስንናገር ነው እንዴ የሚቀጡን?» ብለው ለሀኒፋ ተናግረዋታል። ቢሆንም ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት ሪፖርቱ በአማርኛ ለሠራተኛው ይነበብ ያሉት እሳቸው ናቸው። «እኛን ያታለለን የማናነበው ነገር ነው» አሉ።

አርብ በምሳ ሰዓት የሠራተኛው መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ሐጂ አብደላና ሀኒፋ ከፊት ተቀምጠው፣ ምስጢር ማይክሮፎን ይዛ ማንበብ ጀመረች። ስለ ጋሽ ወጋየሁ ቧንቧ ስታነብ ጭብጨባ ሆነ፤ እሳቸው ቦይለሩን ሊያዩ ወጥተው ስለነበር አልሰሙትም። ስለ ውሃው አልቆ ስለ ቆሻሻ ተጀመረ። «የጨርቅ ቁርጥራጫችን ሙሉ በሙሉ ለትራስና ለፍራሽ ሠሪዎች ይሰጣል» ብላ ምስጢር አነበበች።

«ልክ አይደለም» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

ከጨርቅ መቁረጫ ክፍል የመጣችው ዓለሚቱ ነበረች። አጠገቧ ያሉት ጎተት ቢያደርጓትም ቆመች። «ነጩንና ግራጫውን ይወስዱታል። ጥቁሩን ማንም አይፈልገውም፤ ቀለሙ ይለቃል ይላሉ። ከግቢው ጀርባ ነው የሚቃጠለው።»

ሐጂ አብደላ ወደ ሀኒፋ ዞሩ። እሷ ያንን ገጽ ፍራሽ ሠሪዎቹ የፈረሙበትን የርክክብ ወረቀት አይታ ብቻ አልፋው ነበር። ውሃው ላይ ስታተኩር ግቢውን ዞራ አላየችም።

«ይሄ የእኔ ጥፋት ነው ሐጂ» አለች። «አላጣራሁትም።» ከዚያ ወደ ዓለሚቱ ዞረች። «መቼ መቼ ነው የሚቃጠለው እህቴ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፈረቃ ሲቀየር።»

«ነገ እመጣለሁ፤ ታሳዪኛለሽ?»

«ነገ ሥራ ነኝ» አለች ዓለሚቱ፤ ሐጂ አብደላን አየት አድርጋ። «ከፈቀዱልኝ።»

ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት። «እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያ ማይክሮፎን ይዛ ግራ ተጋብታ ወደቆመችው ምስጢር ዞረው፣ «ቀጥይ እንጂ ልጄ፤ የሚቀጥለውን ገጽ አንብቢ» አሏት።