ከአገር አገር የሚዞር ወጥ ቤት

መኪኖቹ ገና እየዞሩ ነው፤ እሷ ግን ድስቶቹን ማሸግ ጀምራለች። የሞተሩ ጩኸት የድንኳኑን ጨርቅ ያንቀጠቅጠዋል። ከውጭ ሕዝቡ ያፏጫል፣ ያጨበጭባል። ማን እየመራ እንደሆነ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። ለእሷ ውድድሩ የሚያልቀው የመጨረሻው ሣጥን ሲዘጋ ነው።

"እናታችን! ምድጃው በርዷል?" አለ ሻለቃ ከበሩ ላይ።

ሻለቃ ወታደር ሆኖ አያውቅም። የእሽቅድምድም ቡድኑ የዕቃ ጭነት ኃላፊ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያተረፈው በጩኸቱ ነው።

"እጅህን አስገብተህ እየው።"

"እጄማ ለሌላ ሥራ ያስፈልገኛል።"

"እንግዲያው ታገስ። ትኩስ ምድጃ ከነሙቀቱ አሽገህ መርከቡ ቢቃጠል ዋናተኛ አይደለህም።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። መካኒኮቹም ሾፌሮቹም "እናታችን" ነው የሚሏት፤ ከአገር አገር የምትመግባቸው እሷ ናትና።

የቡድኑ ዕቃ የሚጓዘው በሁለት መንገድ ነው። መኪኖቹና ሞተሮቹ ውድድሩ እንዳበቃ ተፈታተው በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው፣ ጠረጴዛና ወንበሩ የሚሄዱት በመርከብ ነው። መርከብ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ በርካታ ወጥ ቤቶች አሉት። አንዱ እዚህ ሲያበስል ሌላው የሚቀጥለው አገር ደርሶ ይጠብቃል፣ ሌላው ገና ባሕር ላይ ነው። በየሣጥኑ መክደኛ ውስጥ ፎቶ ተለጥፏል፤ የትኛው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ያሳያል። እሷ ፎቶውን ማየት ከተወች ቆይታለች። የትም አገር ይሁን፣ ዓይኗን ጨፍና እጇን ብትዘረጋ ጨው በቀኟ፣ ማንኪያ በግራዋ ነው።

የዛሬው ከተማ ግን እንደሌሎቹ አይደለም። የተወለደችበት ነው። ልጇም የምትኖረው እዚሁ ነው፣ ከአክስቷ፣ ከእሷ ታላቅ እህት ጋር።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ሻለቃ ጠጋ አላት። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ሰው ይደነግጣል።

"በቃ፣ አንቺ ሂጂ። ምድጃውን እኔ አሽገዋለሁ።"

"አንተ? ክዳኑን ገልብጠህ ትዘጋዋለህ።"

"ገልብጬ ልዝጋው! በሚመጣው ዓመት ውድድሩ ወደዚህ ከተማ እንደማይመጣ ታውቂያለሽ። ውሉ አልታደሰም። ዛሬ ካልጠየቅሻት መቼ ልትጠይቂያት ነው?"

"እሺ ትለኛለች ብለህ ነው?"

"ልጅሽ አይደለችም እንዴ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሺ። ይልቅ ያን ሽርጥ አውልቂው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትሽ ልታስለቅሻት ነው?"

ልጅቷን ትታ የሄደችው ልጅቷ ግድግዳ ይዛ መራመድ ስትጀምር ነበር። ያኔ "ለአንድ ዓመት ብቻ" ብላ ነበር። ከዚያ የትምህርት ቤት ክፍያ መጣ፣ የጣሪያው ማፍሰስ መጣ፣ የእህቷ መታመም መጣ። ውድድሩ በሚያርፍበት ወቅትም ዕቃ የሚያድሱ ሰዎች ሲፈለጉ እጇን ቀድማ ታወጣ ነበር። አሁን ግን መዞሩ ይበቃኛል ብላ አመልክታለች። ባሕር ማዶ ባለው የቡድኑ ዋና መጋዘን ውስጥ፣ ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡበት ሥራ ሰጥተዋታል። እዚያው አጠገብ ቤት ተከራይታለች። የልጅቷ የጉዞ ወረቀትም አልቋል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ ወይ?" ብሎ መጠየቅ። እህቷ ይህ በስልክ እንዳይሆን አደራ ብላታለች፤ ፊት ለፊት፣ ዓይኗን እያየሽ፣ ብላታለች።

የእህቷን ቤት በር የከፈተችላት ልጅቷ ነበረች። ቁመቷ የእናቷ ደረት ጋ ደርሷል። በስልክ ስታያት እንዲህ አትረዝምም ነበር።

"ሚጢጢዬ!" ብላ አቀፈቻት።

ልጅቷ ታቀፈች፤ ከዚያ በትሕትና ወደ ኋላ ብላ ወንበር ሳበች። "እዚህ ይቀመጡ። ያኛው እግሩ ይወዛወዛል።"

"ኧረ እናትሽ ናት! 'ይቀመጡ' ብሎ ነገር ምንድነው?" አለች ታላቅ እህቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። "ይቺ ሽማግሌ! ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌዋ ነው የሚላት፤ የተጣላ ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚመጣው።"

ልጅቷ አፍራ ሳቀች። እናትየዋም ሳቀች፤ ሚጢጢ የሚለውን ስም ከእሷ በቀር ማንም እንደማይጠራው ግን ገባት።

"ሻይ ላፍላ" ብላ ተነሳች፣ ዝም ብሎ መቀመጡ ስለከበዳት። ይህ ያደገችበት ቤት ነው። ስኒ ልታወጣ ግድግዳው ጋ ወዳለው ቁም ሣጥን ሄዳ የታችኛውን መሳቢያ ከፈተችው። የተጣጠፈ ጨርቅ ነው። ላይኛውን ከፈተች። ክርና ቁልፍ።

"እዚያ የእታለም ጨርቅ ነው" አለች ልጅቷ። አክስቷን እታለም ነው የምትላት። "ስኒ እዚህ ነው። አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አቀርባለሁ።"

በርጩማ ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ስኒ አወረደች። አቧራውን እፍ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ለአክስቷና ለራሷ ግን ከማጠቢያው አጠገብ ያሉትን፣ እጀታቸው የተሰበረውን አነሳች።

እናትየዋ የራሷን ስኒ አየች፤ ከዚያ የእነሱን።

ልጅቷ ስኳር ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ታላቋ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። "ጠየቅሻት?"

"ገና መግባቴ አይደል እትዬ?"

"እኔ ሂጂም አትሂጂም አልላትም። እሺ ካለች ልብሷን ራሴ አጣጥፌ እሰጥሻለሁ። ግን ከአፌ አይወጣም።" ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በመዳፏ ጠረገችው። "አንቺስ ለምን ተመልሰሽ አትመጪም?"

"ምን ልሠራ? ይሄ ቤት በምን ይቁም?"

ታላቋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም።

ልጅቷ ስኳሩን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"ትምህርት እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው።"

"ሥራዬን ልቀይር ነው። ከእንግዲህ አልዞርም። ቤትም ተከራይቻለሁ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ትምህርት ቤቱ ከመስኮቱ ይታያል።"

"እሰይ!" አለች ልጅቷ፣ ከልቧ ደስ ብሏት። "ግን እታለም መስኮት ሲሰፋ ብርድ ይገባል ትላለች።"

"መጋረጃ እናደርግለታለን።"

"እታለም ትሰፋልሻለች። ልኩን ብቻ ላኪላት፤ እኔ በፖስታ አስልክልሻለሁ።"

እናትየዋ ሻይዋን ፉት አለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። በመንገድ ላይ እየደጋገመች የተለማመደችው ነው፤ አጭር ነው፣ ከባድ አይደለም። አፏን ስትከፍት ከመስኮቱ ውጭ የልጆች ድምፅ መጣ።

"አንቺ ሽማግሌ! ነይ እንጂ! ያለ አንቺ እንዴት እንለማመድ?"

ልጅቷ እናቷን አየች፤ ከዚያ በጣቷ ጫፍ ሄዳ መስኮቱን ገርበብ አደረገችው። "ዛሬ አልችልም" አለች በሹክሹክታ። "እንግዳ አለብን።"

"ነገ እኮ ነው መድረክ ላይ የምንወጣው! መቼ ነው የምትሄደው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።"

የስፌት መኪናዋ አጠገብ ታላቋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ልጅቷ መስኮቱን ዘግታ ተመልሳ ተቀመጠች። ፈገግ አለች። "የትምህርት ቤት መዝሙር ነው" ብላ አስረዳች። "መሪዋ እኔ ነኝ። ግን ችግር የለም፣ እችለዋለሁ።" ከውጭ ልጆቹ ያለ መሪ ጀመሩት፤ ዜማው ከመጀመሪያው ተንሻፈፈ። የልጅቷ ፊት አልተለወጠም። ከወንበሩ ሥር ግን እግሯ ምቱን እየመታ ልታስተካክላቸው ይሞክር ነበር።

"ጠይቂያት" አለች ታላቋ፣ ድምፅ በሌለው አፍ።

እናትየዋ ልጇን አየቻት። የተበጠረ ጸጉሯን፣ በሥርዓት የተገጠመ ጉልበቷን፣ እንግዳ እንዳይከፋው የምትጠነቀቅ ፈገግታዋን አየች። አሁን ብትጠይቃት እሺ ትላታለች። በዚህ እርግጠኛ ሆነች። ምንም ሳትከራከር፣ ፊቷን ሳታጠቁር፣ ልክ ስኒውን እንዳወረደችላት እሺ ትላታለች። ከዚያ በዚያ ሰፊ መስኮት አጠገብ፣ በማታውቀው ከተማ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ስንት ዓመት እንደምትቀመጥ እናትየዋ ማሰብ አልቻለችም።

ፀሐይዋ ገና ከጣሪያዎቹ በላይ ነበረች። ሻለቃ ቶሎ አይፈልጋትም።

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ማንም አልደወለም። መስታወቱ የጠቆረውን ስልክ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"አቤት... አሁኑኑ? ... ምድጃውን ማሸግ አቃታችሁ? እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ።"

ታላቅ እህቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ምነው አንቺ..." ብላ ጀመረች። እናትየዋ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

"ሥራ ጠሩሽ እንዴ?" አለች ልጅቷ። ያዘነች ለመምሰል ሞከረች፤ ግን ገና ስትናገር ተነስታለች። በሩ ጋ ያለውን የእናቷን ጫማ አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። "ሻይሽን እንኳን አልጨረስሽም።"

"ጣፍጦኛል የኔ እናት።" አጎንብሳ ጫማዋን አሰረች፤ ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደባት። ከውጭ ልጆቹ መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው ያዙት፤ እንደገና ተንሻፈፈ።

ልጅቷ በሩን ከፍታ ቆመች። "እስከ ታክሲው ልሸኝሽ?"

"አይ፣ አንቺ ጓደኞችሽ ጋ ሂጂ" አለች እናትየዋ። "እኔን እታለም ትሸኘኛለች።"