የቀኙ ጠርዝ

ከመበላሸቱ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ዓርብ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለችው ጠባብ ቢራ ቤት ሦስት ሆነን እንገናኛለን። ጠረጴዛችን ከበሩ ሦስተኛዋ ናት፤ አንደኛው እግሯ ስለሚያጥር ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አለ። ግድግዳውን ተደግፎ የሚቀመጠው ሎንጌ ነው። እግሮቹን ወደ መተላለፊያው ካልዘረጋ አይመቸውም፤ አስተናጋጇ በመጣች ቁጥር «እግርህን ሰብስብ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ፊት ለፊቱ ቦቴ አለ። ቦቴ ያልነው ነዳጅ ጫኝ መኪና ስለሚነዳ ነው፤ እሱ ግን በሆዱ ምክንያት ነው ብሎ ያምናል፣ ግን አይቀየምም። እኔ በመካከላቸው ካሜራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።

ሥራዬ ሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ደም አያለሁ፣ ሕዋስ እቆጥራለሁ። ሎንጌ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። «እኔና አንተ አንድ ሙያ ነን» ይለኛል። «አንተ ደም ትቆጥራለህ፣ እኔ ደግሞ ሰው ደሙ የሚፈላበትን ቁጥር እጽፋለሁ።»

ፎቶ ማንሳት ሱሴ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ስለምሠራ ጠዋቶቼ የራሴ ናቸው። ከተማዋን በእግሬ አዳርሳታለሁ፤ የተዘጋ ሱቅ በር፣ የተላጠ ማስታወቂያ፣ ዝናብ ሲቆም ከቦይ የሚተርፈው ውሃ። አንድ ሕግ አለኝ፦ ያነሳሁትን ፎቶ አልቆርጥም። ጠርዙ ላይ የገባ እንደገባ ይቀራል። የደም ናሙና ላይ ያልወደድኩትን ሕዋስ ዘልዬ አልቆጥርም፤ ፎቶዬንም እንደዚያው።

በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በላይ ካለው የእግረኛ ድልድይ አንድ ፎቶ አነሳ ነበር። የምቆምበትን ቦታ እንዳልስት መደገፊያ ብረቱን በምስማር ጭሬ ምልክት አድርጌበታለሁ። የመናኸሪያው ጣሪያ ጥላ በዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ማሳየት ፈልጌ ነው። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ፎቶ። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሹን ለዐውደ ርዕይ ሊሰጠኝ ሲስማማ ሁሉንም ስድሳ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት አሳተምኳቸው። ከሥራቸው በሚለጠፈው ካርድ ላይ «ከአሥራ ሁለቱም ፎቶዎች ምንም አልተቆረጠም» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ዕለት ሳሎን ወለል ላይ ደርድሬ፣ አቧራ ይኖርባቸው እንደሆነ በአጉሊ መነጽር ስፈትሽ፣ ስድስተኛው ላይ ቆምኩ። ከቀኙ ጠርዝ፣ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው። እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቷል። ሰባተኛው ላይም አለ። ስምንተኛውም። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ አለ፤ ያው ወንበር፣ ያው ጫፍ። ሰባት ወር ሙሉ ካሜራዬ ሎንጌን አይቶታል፤ እኔ ጥላ ስለካ ነበር።

ዓርብ ማታ ሎንጌ እንደ ወትሮው ቀልድ ይዞ መጣ።

«ዛሬ አንድ ግቢ ገብቼ» አለ፣ «ውሻው እስከ ቆጣሪው ድረስ ሸኘኝ። ሴትየዋ በመስኮት ሆና ‹አይናከስም› ትለኛለች። ሱሪዬን አፉ ውስጥ እያየችው።»

«ቁጥሩን አነበብከው ወይስ ገመትከው?» አለ ቦቴ።

«ውሻው አነበበልኝ።»

ቦቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሱሪውን አየሁት፤ የተቀደደ ነገር የለውም።

«እና አንተ ማይክሮስኮፕ» አለኝ ቦቴ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንድን ነው የምታሳየን? እኔ ስስቅ ያነሳኸኝ አለበት?»

«የለበትም። መናኸሪያው ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ወር፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ ጠዋት አራት ተኩል ላይ።»

ሎንጌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሻው አላወራም። ስንወጣ ቦቴን አሰናብቶ እስከ ቤቴ መታጠፊያ ድረስ ሸኘኝ፤ መንገዱ አልነበረም።

«አየኸኝ አይደል?» አለኝ።

«ማክሰኞ ነው ያየሁህ።»

«ቆጣሪዎቹ አዲስ ሲሆኑ እኛን አሰናበቱን። እነሱ ራሳቸውን ያነባሉ።» ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። «የስንብቱን ገንዘብ በወር በወር ደሞዝ ነው እያልኩ ለሚስቴ እሰጣታለሁ። ሁለት ወር አይሞላም፣ ሌላ ሥራ አገኛለሁ ብዬ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ላንተ? አንተ በስንት ሰዓት፣ በስንት ደቂቃ ተባረርክ ነው የምትለኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ያንን ነገር አትስቀለው።»

«አንዱ ከወጣ ዓመቱ ይጎድላል። አንተ ደግሞ ሰባቱ ላይ ነህ።»

«እንግዲያው ጠርዙን ቁረጠው። መቀስ የለህም?»

«አልቆርጥም። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሁለት ሳምንት ብቻ ስጠኝ። እኔ ራሴ ልንገራት፣ ከኔ አፍ ትስማው።»

ሰው ፎቶ ሲያይ መሃሉን ነው የሚያየው፣ ጠርዝ ላይ ያለን ማንም ልብ አይልም አልኩት። ይህን ስለው እውነት መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ «አስብበታለሁ» አልኩት። እሱም ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ተመለሰ። አሰብኩበትም። ሐሙስ ዕለት መቀሱን ሳይሆን ማስመሪያውን አውጥቼ፣ በምስሎቹ መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት ለካሁና ሰቀልኳቸው።

ቅዳሜ ሎንጌ አልመጣም፤ ሥራ አለብኝ ብሎ ነበር። ቦቴ ግን መጣ፣ ያውም የሎንጌን ሚስት ይዞ። ነገሩን አያውቅም፤ በመንገዱ ልብስ ስፌት ቤቷ ጎራ ብሎ «የጓደኛችን ቀን ነው፣ ተነሺ እንጂ» ብሎ አስነስቷታል። መርፌዎቿ ገና ደረቷ ላይ ተሰክተው ነበር።

ከአንደኛው ጀምራ ቀስ እያለች መጣች። እንግዶቹ ስለ ጥላው ያወራሉ። እሷ ዘጠነኛው ላይ ቆማ ክር የምታስገባበትን መነጽር አደረገች። ሌንሴ ጥሩ ሌንስ ነው፤ ምንም አያደበዝዝም።

«ይሄ ክንዱ ላይ ያለው የኔ ስፌት ነው» አለች። «ሰማያዊ ክር አልቆብኝ በጥቁር ነው የጠቀምኩት።» ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው ይሄ?»

ወሩን ነገርኳት።

«ሰዓቱስ?»

«ከጠዋቱ አራት ተኩል።»

ወደ ኋላ ተመልሳ ከስድስተኛው ጀምራ እስከ መጨረሻው በጣቷ እየነካች ሄደች። መስተዋት አልነበራቸውም፤ የጣቷ ወዝ ወረቀቱ ላይ ቀረ። አልከለከልኳትም።

«ሰባት» አለች። «አሥራ አንደኛው ላይ እየበላ ነው። ምሳውን፣ በአራት ሰዓት ተኩል። እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቼ የምቋጥርለትን።»

«እህቴ፣ እኔ ...»

«አውቀህ ነበር?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ።»

«ሊነግረኝ ነበር?»

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ ብሎኝ ነበር።»

መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ደህና» አለች። «ቢያንስ ብቻውን አልነበረም። አንተ ከላይ ነበርክ።»

ቦቴ ከኋላችን ቆሞ ሰምቷል። ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። «ይዣት ልሂድ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አልለየሁትም። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ካርዱን አነበበና ጮክ ሳይል «ምንም አልተቆረጠም» አለ። ከዚያ ወጡ።

ከቤተ መጻሕፍቱ የመጡት ሰዎች ትዕግሥቴን አደነቁ። አንድ መምህር እጄን ጨብጦ «እንዲህ ያለ ታማኝ ዓይን ብርቅ ነው» አለኝ። አመሰገንኩት።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓርብ አለፈ። በመጀመሪያው ብቻዬን ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ቦቴ መጣ፤ ቢራውን ቆሞ ጠጣ። ሎንጌ ልብሱን ሰብስቦ ወንድሙ ዘንድ መግባቱን ነገረኝ። «ሥራ ማጣቱን ይቅር ትለው ነበር» አለ። «ሰው ፊት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየቱ ነው ያቃጠላት።» ስልክ ስደውል ሎንጌ አያነሳም። ሦስተኛው ዓርብ ላይ አስተናጋጇ ጠረጴዛዋን ለሌሎች ሰጠቻት፤ ካርቶኑን ከሥሯ አንስተው እግሯን አስጠግነዋል። በአራተኛው አልሄድኩም።

በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ከልማድ የተነሳ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። አግዳሚው ወንበር ባዶ ነበር። ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣሁትም። ቤት ተመልሼ ከአዳራሹ ካመጣኋቸው ፎቶዎች ሰባቱን ወለሉ ላይ ዘረጋሁና ማስመሪያውን ከቀኙ ጠርዝ ጀምሬ አንድ በአንድ አስቀመጥኩባቸው። የጣሪያው ጥላ በሰባቱም ላይ ሎንጌ ከተቀመጠበት በጣም ርቆ መሃል ላይ ነው፤ መቀስ አይነካውም ነበር። ሎንጌ ከጫማው ጫፍ እስከ ቦርሳው ድረስ ከስድሳው ሴንቲ ሜትር የያዘው አራት ተኩሉን ነው።