የምሳ ሰዓት ትምህርት

«እቴቴ እኮ በአንድ ከሰዓት ብቻ ነው የሳይንስ ክፍሉን ካታሎግ ያጠራችው፤» አለች የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ የሆነችው ልጅ፣ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ታላቅየዋ ጥርሷን ነከሰች። ታናሽ እህቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። «እቴቴ» የቤት ልጆች ብቻ እሷን የሚጠሩበት ስም ነበር፤ ለዚች ልጅ ደግሞ ማን ሰጣት? ሰው በእህቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ይቀናል ወይ ቢሉ፣ ይቀናል እንጂ። እሷ ሬሳው ፊት እንኳ ቀንታለች፤ ልጅቷ ከእሷ ቀድማ ሳጥኑ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ።

እህትማማቾቹ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ መዝግበዋል። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን፣ ምሳቸው ከአንድ ሳህን። ሙያውን ያስተማረቻት ታላቅየዋ ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ታናሽየዋ ሁለት ጊዜ ጎረስ ታደርግና ወደ ኮምፒውተር ክፍል መሮጥ አመጣች። ፓይተን የሚሉትን የፕሮግራም ቋንቋ ከልጅቷ ልትማር።

«ነይ አብረን እንማር፤» ብላት ነበር። «ካታሎጉ ውስጥ ሁለት ሁለቴ የተመዘገበውን ሁሉ ለቅሞ አንድ ያደርግልናል። እኛ በዓይናችን ስንፈልግ ዓይናችን ጠፋ እኮ።»

«እኔ ሙያ አለኝ። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል አልቆጥርም።»

ከዚያ በኋላ ምሳዋን ብቻዋን በላች። አንድ ቀን በኮምፒውተር ክፍሉ የመስታወት በር ስታልፍ፣ ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲስቁ አየቻቸው። የቀናችው በፕሮግራሙ አልነበረም፤ በሳቁ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ታናሽየዋ የጻፈችው ፕሮግራም በሳይንስ ክፍሉ ካታሎግ ላይ ተሞከረና ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ወደ መደርደሪያው ወረደች። ስለ አፈር የተጻፈ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው ዕትምና ሦስት ምዕራፍ የተጨመረበት የታረመው ዕትም፣ ካታሎጉ ላይ አንድ መጽሐፍ ሆነው አገኘቻቸው። ፕሮግራሙ ርእስና ደራሲ ያያል፤ ዕትም አያይም። ወዲያው ገባት። ተመልሳ ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠችና ትንፍሽ አላለችም። ስትዋረድ አያለሁ፣ አለች በሆዷ።

እህቷ ሳትዋረድ ሞተች። ልቧ እዚያው ወንበሯ ላይ ድንገት ቆመ።

ከሰዓት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ ሳይቀምሱት ተናገሩ። «ሰኞ ፕሮግራሟን በመላው ካታሎግ ላይ እናስኬደዋለን። በስሟ ነው የምንጠራው። መታሰቢያዋ ይሁን ብለናል።»

ለቀስተኛው መረቃቸው። ታላቅየዋ ብርጭቆዋን አጥብቃ ያዘች። ዝም ካለች ስህተቱ በእህቷ ስም ይወጣል። ከተናገረች ደግሞ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ መናገሯ ነው። ይውጣ የሚል ሐሳብ ለአፍታ ደስ አላት፤ ወዲያው ራሷን ተጸየፈች።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ፤» አለችና ልጅቷን ወደ ጓዳ ወሰደቻት። «ያ ፕሮግራም ስህተት አለበት።»

«አውቃለሁ እትዬ። እቴቴም ታውቅ ነበር።» ልጅቷ ድምጿን ቀነሰች። «የካታሎጉ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ካለው መጽሐፍ አነሰባት። ግን የት ጋ እንደሚበላሽ ጠፋን። ‹እህቴ አንዴ ብታየው ታገኘዋለች› ትል ነበር። ለኃላፊው ልነግራቸው ነበር፣ እዚህ ቤት ውስጥ አፌ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም?»

ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች። «‹ተቀይማኛለች። ጥፋቴን ይዤ ስሄድ ደስ እንዳይላት እፈራለሁ› አለችኝ።»

ታላቅየዋ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ደስ ብሎኝ ነበር፤» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ እያወቅሁ፣ ደስ ብሎኝ።»

ልጅቷ ጥላት አልሄደችም። ከሳሎን የሰው ጉምጉምታ ይሰማል።

«ዕትሙን አያይም፤» አለች ታላቅየዋ። «የታተመበትን ዓመትም። ሁለቱን ሳያመሳክር ነው የሚያዋህደው።»

ልጅቷ የሟቿን ላፕቶፕ ከጠረጴዛው አንስታ ከፈተች። ጽሑፉን ወደ ታች አወረደችና በጣቷ አሳየቻት። «እዚህ ጋ ነው የሚጨመረው። አሁኑኑ ልጻፍልዎት?»

«አይ፣ ተዪው። አስተምሪኝና እኔ እጽፈዋለሁ።»

«እሺ። እስከዚያ ሰኞ እንዳይነኩት ለኃላፊው ልንገራቸው።»

«እንደማውቅ ጭምር ንገሪያቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም።»

ልጅቷ ወጣች። ታላቅየዋ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። እህቷ ያቆመችበት መስመር ላይ የሚጻፍበትን ቦታ የምታሳየው ትንሽ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። ምንም አልጻፈችም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የስክሪኑ ብርሃን ደብዘዝ ብሎ ሊጠፋ ሲል በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው፤ በራ። እንደገና ደበዘዘ፤ እንደገና ነካችው።