የልዑልሰገድ ለቅሶ

ጡረታ የወጣው ሃምሳ አለቃ ዓለምነው ሪያድ፣ ሱለይ በሚባል ሰፈር የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው። በጦርነት ጊዜ እግሩ ውስጥ የቀረው ፍንጣሪ እስካሁን ያስነክሰዋል። በእረፍቱ ቀን፣ ዓርብ ዓርብ፣ ማንም ሳያዘው የያዘው ሌላ ሥራ አለው። ባሎቻቸው አገር ቤት ወታደር የሆኑ፣ እዚህ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ወሬ ሲጠፋባቸው ወደ እሱ ይደውላሉ። እሱም የድሮ ጓዶቹን እያፈላለገ ያጠያይቅላቸዋል፤ የቆሰሉትን በስልክ ያጽናናል። የሞተ ካለ መርዶውን የሚናገረው እሱ ነው። ሴቶቹ ይወዱታል፤ ስልካቸው ላይ ስሙን ሲያዩ ግን ልባቸው ይወድቃል።

ከነሱ አንዷ ውብነሽ ናት፤ ሺፋ በሚባለው ሰፈር የቤት ሠራተኛ ነች። ልጆቿን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። የባሏ የአስር አለቃ ልዑልሰገድ ድምፅ ከጠፋ ወራት አልፈዋል።

አንድ ዓርብ ቃሲም ከአገር ቤት ደወለ። የዓለምነው የጥንት ጓድ ነው፤ አሁን በአንድ ሆስፒታል ቁስለኞችን ያስታምማል።

«ልዑልሰገድን አገኘሁት» አለው። «ፈንጂ ነው። ሁለት እጁ የለም፤ ዓይኑም ጠፍቷል። ለቤተሰቦቹ እንዳትነግሩ ብሎ ነው የቆየው። ላገናኝህ?»

ስልኩን ከቁስለኛው ጆሮ አስጠግቶ ያዘለት።

«ሃምሳ አለቃ፣ መርዶ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት አሉ» አለ ልዑልሰገድ።

«ሲያጋጥም።»

«እንግዲያው ለውብነሽ ሞቷል ይበሉልኝ።»

«ልጄ፣ እንዴት አድርጌ?»

«ከሰማች ሁሉን ጥላ ትመጣለች። መጥታ ምን ልትሆን? ስታጎርሰኝ ልትኖር? ታልቅስና ይውጣላት።»

ዓለምነው እሺም እምቢም ሳይል መስመሩ ተቋረጠ።

በሳምንቱ ውብነሽን ጓደኛዋ የሺሐረግ ወደምትኖርበት ክፍል አስጠራት። ውብነሽ ገብታ ሁለቱን ቆመው ስታይ ማንም ሳይነግራት መሬት ላይ ተቀመጠች። የሺሐረግ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም፤ እሪታ ተሰምቶ ፖሊስ ከመጣ ሁሉም ወደ ተርሂል፣ ወደ አገር መባረሪያው እስር ቤት፣ ነው። ውብነሽ ይህን ታውቃለች። የዓባያዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ያለድምፅ ትንፈራገጥ ጀመር።

ዓለምነው ብዙ መርዶ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ግን አላየም። የሺሐረግ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ጎንበስ አለና፣ «አልሞተም» አላት።

የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ልዑልሰገድ ምን በል እንዳለውም አልደበቀም።

«ሁለቱም እጁ?»

«ሁለቱም።»

ውብነሽ ፊቷን ጠረገች።

«ጋሼ፣ ለምን ነገሩኝ?» አለች። «ብሄድ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ብቀር ባሏን ጥላ ቀረች እባላለሁ። ሞቶ ቢሆን ማንም ምንም አይለኝም ነበር።»

የሺሐረግ ውሃውን ይዛ ስትገባ ውብነሽ በሕይወት መኖሩን ሳትነግራት እንደገና ዓባያዋን ነክሳ አለቀሰች።

ለቅሶው በሚቀጥለው ዓርብ እዚያው ክፍል ሆነ። ከሱለይ ለለቅሶ የመጡ አበሻ ወንዶች፣ ጫማ በር ላይ በዝቶ እንዳይታይ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነበር። ዓለምነው መቅረት አልቻለም፤ የመርዶው ነጋሪ እሱ ነውና መጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ።

«እንዴት ሆኖ ነው ሃምሳ አለቃ?» አለው አንዱ።

ውብነሽ ቀና ብላ አየችው።

«በአንድ ጊዜ ነው የሄደው» አለ። «አልተሠቃየም።»

«እሱስ ደግ ነው» አሉ።

ማታውን ልዑልሰገድ በቃሲም ስልክ ዓለምነውን ጠየቀው።

«ሰማች?»

«ሰማች።»

«አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ውብነሽ ወደ ዓለምነው ስትደውል ስለ ቁስሉ አትጠይቅም። አንድ ጊዜ ግን፣ «በግራ ጎኑ ካስተኙት እንቅልፍ አይወስደውም። ትኩስ ሾርባም አይወድም፤ በረድ ሲል ይስጡት» አለች። ዓለምነው ለቃሲም አስተላለፈ።

ቃሲም በቀኙ ሲያገላብጠው ልዑልሰገድ ዝም አለ። ሾርባው በርዶ ሲመጣለት ግን አፉን ገጠመ።

«ይህን ማን ነገረህ?» አለው።

«ለሁሉም እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ልዑልሰገድ አልተከራከረም። ቆይቶ አፉን ከፈተና ቃሲም አጎረሰው። በማግስቱ ዓርብ ዓለምነው ሲደውል ግን ስልኩን አልቀበልም አለ፤ ከዚያም ወዲህ ተቀብሎ አያውቅም። ውብነሽ ደውላ «እንዴት ነው?» ስትል ዓለምነው «ደህና ነው፣ ይበላል» ይላታል። ይህ እውነት ነው።