ለማይደርሱት ሣጥኖች የተደገሰ ድግስ

ማዮኔዝ የተለቀለቀበትን ያንን ዳቦ ሳየው ወደ ላይ አለኝ። የከተማችን የብርኖ ሰው ደስ ሲለው በቁራጭ ዳቦ ላይ ድንች ሰላጣ፣ የአሳማ ሥጋ፣ እንቁላልና የኮመጠጠ ኪያር ይከምራል። እኔም ያደግሁበት ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ማን ይቀድመኛል። የዚያን ቀን ግን በቤተ ሙከራችን ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሲያብለጨልጭ አልነካሁትም። የሚከበረው ውሸት ነበራ።

ሣጥኖቹን የምሠራቸው እኔ ነኝ። ረጅም የዲኤንኤ ክር በአጫጭር ክሮች እዚህም እዚያም እየተቆነጠጠ ይታጠፋል፤ ከዚያ ክዳን ያለው፣ በዓይን የማይታይ ሣጥን ይሆናል። ውስጡ መድኃኒት ይገባል። ክዳኑ የካንሰር ሴል ሲነካ ብቻ እንዲከፈት ነው ሐሳቡ፤ ፀጉር ሳይረግፍ፣ ሰው ሳያስመልስ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፣ አንድ ቀን ሰው እንደሚያድንም ዛሬም አልጠራጠርም። ችግሩ ደም ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት ኢንዛይሞች ዲኤንኤ ሲያገኙ ይቆራርጡታል፤ ሣጥኑን አጽንቶ የሚይዘው ጨውም በደም ውስጥ ትንሽ ነው። የኛ ሣጥን ሻይ እስኪበርድ እንኳ አይቆይም።

ታዲያ ሣጥኖቹን የወጋናቸው ባለ ካንሰር አይጦች ዕጢ ካሜራ ሥር ለምን አበራ? ሣጥኖቹ የት እንደገቡ ለማየት አብሪ ቀለም እንለጥፍባቸዋለን። ዕጢው ሲያበራ አለቃዬ ፕሮፌሰር ክራቶክቪል “ደረሱ” ብሎ በቴሌቪዥን ወጣ። እኔ ግን አላመንኩም፤ ሌሎች አይጦችን ቀለሙን ብቻ፣ ያለ ሣጥን ወጋኋቸው። የድግሱ ዕለት ጠዋት ሳያቸው እነሱም እኩል ያበራሉ። ሣጥኑ መንገድ ላይ ይበጣጠሳል፤ ዕጢው ጋ የሚደርሰው የተላቀቀው ቀለም ነው።

ሮጬ ለፕሮፌሰሩ ነገርኩት።

“ብላንካ፣ በናትሽ አታሟርቺ” አለኝ፣ ብርጭቆ እየወለወለ። “የቴሌቪዥን ካሜራዎቹ መጥተው ይሂዱና እናየዋለን።”

ዓይኑን በጨው የታጠበ። እሱንስ እችለው ነበር፤ ውሸታም አለቃ ብርቅ አይደለም። ያንገሸገሸኝ በእንግድነት የጠራው ሰው ነው። አማቴን ጠራው፣ የባሌን አባት፣ ቭላስቲሚልን። ዕድሜውን ትራም ሲነዳ ኖሮ ቆሽቱ ላይ ካንሰር ወጣበት። ዕጢው አንሶ በቀዶ ጥገና እንዲወጣለት የኬሞ ሕክምና ጀምሮ ነበር፤ ፕሮፌሰሩን በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ ግን ሣጥኖቹን እጠብቃለሁ ብሎ አቆመ። የምታክመው ሐኪም “ከዘገየ ቀዶ ጥገናው ይቀራል” ብላዋለች። እኔና ባሌ ለምነን ለምነን አቃተን። “ደም ውስጥ ገና አልሆነልንም” ስለው “አንቺ መቼም ሥራሽን ማሳነስ ትወጃለሽ” ይለኛል።

በሠርጌ ቀን የለበሰውን ሱፍ ለብሶ መጣ፤ አሁን ሰፍቶት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ፕሮፌሰሩ ክንዱን ይዞ ካሜራው ፊት አቆመው፤ እንደ ገበያ በግ ሊያሳየው።

ወይን ተቀዳ። እኛ ዘንድ ብርጭቆ ሲጋጭ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ ነው፤ ዓይኑን ያሸሸ ሰው እንደናቀህ ይቆጠራል። ፕሮፌሰሩ ከአማቴ ጋር አጋጨና ካሜራውን አየ። አማቴ ቅር ሳይለው ወደኔ መጣ።

“ነይ እንጂ ልጄ፣ ለሣጥኖችሽ።”

ዓይኖቹ እንደ እርድ ቢጫ ሆነዋል። እነሱን እያየሁ ብርጭቆ ማጋጨት አቃተኝ። አስቀመጥኩት።

“አባባ፣ አልደረሱም።”

“ምኖቹ?”

“ሣጥኖቹ። የሚያበራው ቀለሙ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አረጋገጥኩ።”

ፕሮፌሰሩ ሳቀ፤ “ወጣቶች ጥንቃቄ ያበዛሉ” አለ።

አማቴ ወደ እሱ ዞረ። “ፕሮፌሰር፣ እኔ ትራም ነጂ ነኝ፣ በቀላሉ ይንገሩኝ። ወደ ኬሞዬ ልመለስ ወይስ እርስዎን ልጠብቅ?”

“ሳይንስ ትዕግሥት ይፈልጋል” አለ ፕሮፌሰሩ።

“እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።” አንቱታው ቀረ። “ልመለስ ወይስ ልጠብቅ?”

ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዳቦ አንስቶ ጎረሰ። አፌ ሙሉ ነው ለማለት በእጁ ምልክት እየሰጠ፣ ማዮኔዙ በከንፈሩ ጥግ እየወጣ፣ ያኝካል። ቀፈፈኝ። የአማቴን ክንድ ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ሆዱን ፎቶ አነሡት። ሐኪሟ ፎቶውን ደጋግማ አየችው። ዕጢው ትልቁን የደም ሥር አቅፎታል፤ ከእንግዲህ የቀዶ ጥገና ቢላ አይነካውም። ተናደደች መሰለኝ፤ “አቶ ቭላስቲሚል፣ ጥሩ እየሄደልዎት ነበር እኮ። ምን ሆነው ነው ያቆሙት?” አለችው።

አማቴ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ። “ቴሌቪዥን አይቼ” አላት፤ ድምፁ አይሰማም።

ያፈረው እሱ ነው፤ ፕሮፌሰሩ አይደለም። እስካሁን ምግብ የሚዘጋኝ ይሄ ነው።